ተላላኪው ያነበበው ደብዳቤ

መጀመሪያ የተሰማው ደረጃው ነው። ጓ፣ ጓ፣ ጓ። ከሕንፃው ጀርባ የተገጠመው የብረት ደረጃ ሰው ሲወጣበት እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል፤ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የሚወጣው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ዓባይነህ ጣቶቹን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። ድምፁ መሀል ደረጃ ሲደርስ ልቡ ይፈጥናል፤ ጫፍ ሲደርስ ሥራ የበዛበት ለመምሰል ፊቱን ወደ ስክሪኑ ይደፋል። ይህን ማድረግ ከጀመረ ዘጠኝ ወሩ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሣራ ጃኬቷን እያራገፈች ገባች። የእንጅባራ የሐምሌ ዝናብ ከፀጉሯ ጫፍ ይንጠባጠባል።

«ዓባይ፣ ዛሬም ግጥም ነው የጻፍክልኝ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በስልኬ አነበብኩት። ሹፌሩ ዞሮ እስኪያየኝ ነው የሳቅኩት።» ስልኳን አወጣችና እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «‹ይህ መሣሪያ የሰውን ቃል እንደ ማለዳ ነፋስ ተሸክሞ፣ ተራራ ሸለቆ ሳይል፣ ከወዳጅ ጆሮ ያደርሳል።› ኧረ ባክህ! ተላላኪው ይሄን አንብቦ ምን ያድርግ? ነፋስ ይጠብቅ?»

ዓባይነህ ሳቀ። ስትስቅበት ደስ ይለዋል፤ ደስ እንደሚለው ግን ነግሯት አያውቅም።

የሚሠሩበት ድርጅት ገበሬውንና ነጋዴውን በስልክ የሚያገናኝ ትንሽ ድርጅት ነው። የዘንገና መንደር ድንች አምራች፣ ግምጃ ቤት የሚባለው አገር ገብስ ሻጭ፣ የእንጅባራ ከተማ የቀርከሃ ዕቃ ሠሪ ሁሉ አንድ ቁጥር ላይ ይደውላል። ስልኩን የሚያነሣው ግን ሰው አይደለም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ባለሙያዎቹ ኤጀንት ይሉታል፤ እነ ዓባይነህ «ተላላኪው» ብለውታል። ተላላኪው በራሱ እጅ የለውም። የጭነት መኪና መፈለጊያ፣ የገበያ ዋጋ መጠየቂያ፣ መልእክት ማድረሻ የሚባሉ መሣሪያዎች በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተሰድረውለታል፤ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጎን ምን እንደሚሠራ የሚነግር አጭር መግለጫ አለ። ተላላኪው ስለ መሣሪያው የሚያውቀው እዚያ የተጻፈውን ብቻ ነው። የሚጽፈው ዓባይነህ ነው፤ የምታርመው ሣራ ናት።

ሣራ ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ተመርቃለች። ዓባይነህ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ እዚያው ቀረ። የተቀጠረው አዊኛም አማርኛም ስለሚናገርና ጽሑፉ ስለሚያምር ነበር። አሁን ያስቸገረውም ይኸው የጽሑፉ ማማር ነው።

«ስማኝማ» አለችው ወንበሯን ወደ እሱ ጠረጴዛ እየጎተተች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሩቅ መጎተት አያስፈልግም። ያለው መስኮት አንድ ነው፤ እሱም ክረምቱ ከገባ ወዲህ እንጨቱ በእርጥበት አብጦ አልከፈት ብሏል። «አዲስ የተቀጠረ ሰው አስብ። ጎበዝ ነው፣ ግን ከሩቅ አገር ነው የመጣው። ዘንገናን አያውቅም። አባትህን አያውቅም። ማፈር አያውቅም። እሱን ብቻውን ሥራ ላይ ልትተወው ነው። ምን ትለዋለህ? ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠቀምበት፣ መቼ እንዳይነካው፣ ምን ካልሰጡት እንደማይሠራ። በቃ!»

ዓባይነህ ነፋሱን ሰረዘ። ተራራና ሸለቆውን ሰረዘ። «መልእክቱን ለተባለው ሰው ደውሎ በድምፅ ያነባል» ብሎ ጻፈ።

«ጎሽ! ቀጥል። በየትኛው ስልክ ነው የሚደውለው?»

«ደንበኛው ከነቤተሰቡ በተመዘገበበት መዝገብ ላይ ባለው ነዋ።»

«መዝገቡ ላይ ያለው የማን ነው?»

«የአባወራው ነዋ። ይሄማ ይታወቃል እኮ ሣራ። የማን ልጅ ናት በራሷ ስልክ የምትመዘገበው?»

«አንተ ታውቃለህ። እሱ አያውቅም። ሌላ ቁጥር ቢሰጡትም ከመዝገቡ ውጪ አይደውልም ብለህ ጻፍ። ደግሞስ መቼ ነው የሚደውለው? ወዲያው ነው ወይስ ቀን ቢነግሩት ይቆያል?»

«ወዲያው ነው። መቆየት አይችልም።»

«እሱንም ጻፍ።»

«እሺ፣ እጽፋለሁ።»

ሊጽፍ ጣቱን ዘረጋ። ሣራ ግን ወንበሯን አልመለሰችም። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የጣቷን ጥፍር ጎተተች።

«ቅዳሜ ከዳንግላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አለች።

«ወዴት?»

«ወደ እኛ ቤት።»

«ለምን?»

«ጣራ ሊቀይሩልን!» ብላ አፈጠጠችበት። «ለምን ይመስልሃል? ለእኔ ነዋ።»

ዓባይነህ ሁለቱን እጆቹን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው።

«ማን ነው?»

«አስቻለው ይባላል። መድኃኒት ቤት አለው። ከጉባኤያችን ነው፤ መዝሙርም ይዘምራል። መጥፎ ሰው አይደለም።»

«ታዲያማ… ጥሩ ነው።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ። ሣራ ቀና ብላ አየችው። ስሕተት ያለበትን ዓረፍተ ነገር ስታይ እንደምታደርገው፣ ወደ መጀመሪያው ተመልሳ ደግማ የምታነበው ይመስል፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ አየችው።

«ጥሩ ነው?»

«ማለቴ…»

«አባዬ ጠይቆኛል። ‹ልብሽ ሌላ ቦታ ካለ አሁን ንገሪኝ፤ ሽማግሌ ደጄ ከቆመ በኋላ ሰው አላሳፍርም› አለኝ። አስባለሁ አልኩት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚነገረኝ ነገር ካለ እስከ ቅዳሜ ነው፣ ዓባይ። ከቅዳሜ በኋላ ማንም ምንም ቢለኝ አልሰማም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እንዲህ በግልጽ የተነገረው ነገር በዕድሜው አልነበረም። መልሱም አፉ ውስጥ ነበር፤ ምላሱ ላይ ቁጭ ብሏል።

«መግለጫውን… አስተካክለዋለሁ» አለ።

ሣራ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ሰው ደጅ ጠንቶ ሳይሳካለት ሲመለስ ፈገግ የሚለው ዓይነት ነበር። ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች፤ ዓባይነህም ቀኑን ሙሉ ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ አገር የሚያክል ርቀት ተሰማው። መግለጫውን ማስተካከሉን ግን ረሳው።

*

ከዘንገና ወደ ከተማ የሚመጣው ባጃጅ በዝናብ ቀን በላስቲክ መጋረጃ ይታሸጋል። ረቡዕ ጠዋት ከአምስት ሰው ጋር ተጠቅጥቆ ሲመጣ ዓባይነህ በላስቲኩ በኩል ምንም አይታየውም፤ ጭጋግና የሰው ትንፋሽ ብቻ። እጁን ማንቀሳቀስ አይችልም። ቀኝ ጎኑ የቆመ ጆንያ ድንች፣ ግራ ጎኑ ዶሮ የያዙ ሴትዮ። ሐሳቡ ግን ከባጃጁም ይበልጥ ጠብቦት ነበር።

እናቱ እታለማሁ ከሁለት ቀን በፊት ማታ እግራቸውን እየታጠቡ የማግባቱን ነገር ራሳቸው አንሥተውት ነበር። «እኔ ክፉ አማት አልሆንም» አሉ። «የከተማ ትሁን ግድ የለኝም። ሰነፍም ትሁን፣ እኔ እሠራለሁ። አዊኛም አትስማ፣ በምልክት እንግባባለን። ጴንጤ ብቻ እንዳትሆንብኝ፤ ደብሬ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?» ይህን ሲሉ እየሳቁ ነበር። ዓባይነህም አብሯቸው ሳቀ። ሣራ ጴንጤ መሆኗን ግን አልነገራቸውም።

በዚያች ረቡዕ ሣራ አልነበረችም። ገበሬ ለመመዝገብ ዳንግላ ሄዳ ነበር። ባዶውን ወንበሯን ሲያይ ቆየና፣ ከቀትር በኋላ፣ አዲስ ገጽ ከፈተ።

«ሣራ፣

እንዳስተማርሽኝ ልጻፍ። ነፋስም ተራራም የለበትም።

የምሠራው፦ እወድሻለሁ። ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ከደረጃው ድምፅ እለይሻለሁ። የጻፍኩትን ስትሰርዢ ደስ ስለሚለኝ ሆን ብዬ አበላሽቼ የጻፍኩባቸው ቀኖች አሉ። የነፋሱ ቀን ግን ከልቤ ነበር።

የማልችለው፦ ከአባትሽ ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። የእናቴን ደብር መተው እችል እንደሆነ አላውቅም፤ አንቺንም ጉባኤሽን ተዪ ልልሽ አልችልም። ዲግሪ የለኝም። መድኃኒት ቤት የለኝም። መዝሙር ስሞክር ውሾች ይመልሱልኛል።

መቼ እንዳትነኪኝ፦ ስለምታዝኚልኝ ከሆነ።

የሚያስፈልገኝ፦ ‹አውቄ ነበር› በዪኝ፤ ይበቃኛል።

ዓባይነህ»

ሦስት ጊዜ አነበበው። የሚሰረዝ አጣበት። በሕይወቱ የሚሰረዝ ያጣበት የመጀመሪያ ጽሑፉ ነበር።

ታዲያ ምን ያድርገው? ነገ ይስጣት? ከሰጣት መልስ አለ። እምቢ ካለችው መስኮቷ በማይከፈት በዚህች ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ መዋል አለ። እሺ ካለችው ደግሞ ይብሳል። አባቷ አሉ፤ እናቱ አሉ፤ የደብሩ ሰው አለ፤ የጉባኤው ሰው አለ። በሁሉም በኩል ግድግዳ ነው። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ሲመጣለትም እንደ ዕረፍት ነበር። እሑድስ? እሑድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄደዋል። እሑድ ከሣራም ከእሱም የሚጠበቅ ነገር የለም። ደብዳቤው ይደርሳታል፤ ተናገረ ይባላል፤ የሚፈርስ ነገር ግን አይኖርም።

ደብዳቤውን በኮምፒዩተሩ ላከና ተላላኪውን የሚሞክሩበትን ስልክ አነሣ።

«ለሣራ ጢሞቲዎስ ይህን ደብዳቤ እሑድ አድርስልኝ» አለው ተላላኪውን፤ የእጅ ስልኳንም ቁጥር ጨመረለት። መሣሪያው ቀን እንደማይጠብቅ፣ ከመዝገቡም ውጪ እንደማይደውል ከሣራ ጋር የተባባሉትን በዚያች ሰዓት አላስታወሰም።

«እሺ ዓባይነህ። አደርሳለሁ» አለው ያ ለስላሳ ድምፅ።

ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ወጣ። እንደ ታጠበ ሰው ቀለለው። ዝናብ ውስጥ ያለ ጃንጥላ እየሄደ፣ ጀግና እንደሆነ ለራሱ ነገረው፤ አመነውም።

*

ሐሙስ ጠዋት ደረጃው ላይ የሁለት ሰው እግር ተሰማ። አንዱ ከባድ ነው፤ አንድ ረግጦ ያርፋል። ሌላው ከኋላው ነው። የሣራ እግር መሆኑን ዓባይነህ ለየ፤ ግን አይዘልም።

መጀመሪያ የገቡት አባቷ ናቸው። አቶ ጢሞቲዎስን በሩቅ ያውቃቸዋል። ከገበያው ማዶ ባለው ትልቅ ሱቃቸው የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራሉ፤ የጉባኤው ሽማግሌም ናቸው። ቤተሰባቸውም በእነ ዓባይነህ መዝገብ ላይ በእሳቸው ስልክ የተመዘገበ ነው። በሩን በጀርባቸው ዘጉና የሣራን ወንበር ስበው እዚያው በሩ ሥር ተቀመጡ። ሌላ መውጫ የለም። ሣራ መስኮቱ ጋ ሄዳ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች።

«ዓባይነህ ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ተቀመጥ። ቆመህማ አትችለውም።»

ተቀመጠ። አቶ ጢሞቲዎስ ሙጫ የደረቀባቸውን ጣቶቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበር እያጣበቅኩ ስልኬ ጮኸ። እጄ ሙጫ ነው። በክርኔ ነካሁት፣ ድምፁ ለሁሉም ወጣ። መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ ቆመዋል። ሰባት ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ‹ከዓባይነህ የመጣ መልእክት አለ› አለ። ቀርከሃ የሚያመጣልኝ ሰውዬም ስሙ ዓባይነህ ነው። ‹አንብበው› አልኩት።»

ዓባይነህ መሬቱ ቢከፈትለት ወዶ ይገባ ነበር። አልተከፈተለትም።

«አነበበው?»

«አነበበው።»

«እስከ… እስከ የት?»

«እስከ ስምህ። ውሾቹንም ጭምር።»

ከመስኮቱ በኩል ድምፅ ተሰማ። የሣራ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተው።

«ዛሬ ጠዋት በሱቁ በኩል ሳልፍ» አለች ፊቷን ሳታዞር፣ «ሁሉም ቀርከሃ እየሰነጠቁ ‹ነፋስም ተራራም የለበትም!› ይላሉ። ከዳር እስከ ዳር ተቀባበሉኝ።» ከዚያ ዞረች። ዓይኖቿ እርጥብ ናቸው፤ ከንፈሯ ግን ሳቁን መያዝ አቅቶታል። ሁለቱም ነበር።

«ዝም በይ አንቺ፤ እኔ ልጨርስ» አሏት አባቷ። ሲሏት ግን ቁጣ አልነበረባቸውም። «እኔ ልጄ፣ ለሰው ስሸመግል ሃያ ዓመቴ ነው። ደጅ ላይ ቆመን ‹ይህ አለው፣ ያ አለው› ስንል ነው የኖርነው። የሌለውን የሚናገር ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ዱላ ይዤ ልመጣ ነበር። ከዚያ ስጸልይ ያ የማትችለው ነገር ሁሉ ተራ በተራ ይመጣብኛል። ‹አልችልም፣ አላውቅም፣ የለኝም።› የሚያታልል ሰው እንዲህ አይጽፍም።»

ዓባይነህ ቀና አለ። የሰማውን አላመነም።

«በእምነት አንገናኝም» ቀጠሉ። «ይሄ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። እናትህም ቀላል ነው አይሉም። ብዙ የምንነጋገረው አለ፤ ላንስማማም እንችላለን። ግን ልጄን ጠይቄያት አስባለሁ ብላኛለች። ስለ ማን እንደምታስብ ደግሞ ትናንት ከሰባት ሠራተኛ ጋር ሰማሁ።»

«አባዬ!»

«ዝም በይ አልኩ። የዳንግላዎቹን ሰዎች የቅዳሜውን ለጊዜው አቆዩት ልላቸው እችላለሁ። ዛሬ ነው የምነግራቸው፤ ነገ ከሆነ ነውር ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ከራስህ አፍ ልስማ። ይህ ደብዳቤ አምልጦህ ነው የመጣው ወይስ ብለህ የጻፍከው ነው?»

ሣራ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም። ዓባይነህ ተነሣ። በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ያዘ።

«ወደ እርስዎ መምጣቱ የእኔ ጥፋት ነው፣ ጋሼ። መሣሪያው በማን ስልክ እንደሚደውል መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም።»

«ነግሬው ነበር እኮ!» አለች ሣራ፤ አሁን ሳቋ አመለጣት።

«ነግራኝ ነበር። የተጻፈው ግን እውነት ነው። አንድም የምሰርዘው የለም። ልጅዎን እወዳታለሁ።»

ከአባትሽ ፊት ቆሜ መናገር አልችልም ያለው ሰው ቆሞ ተናገረ። ሣራ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲሸሸው የነበረውን ዓይኗን አሁን ፊት ለፊት አየው፤ እሷም አልሸሸችም። ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ያች ጠባብ ክፍል ሰፍታ ሰፍታ የዘንገና ሜዳ አከለች። ያቺ ደቂቃ ቆማ ብትቀርለት ሌላ ምንም አልፈለገም።

አቶ ጢሞቲዎስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሰው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«እንግዲህ ልደውልላቸው። ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ? ኔትወርክ እንኳ የለውም።»

«መስኮቱ ጋ ይሻላል አባዬ» አለችና ቦታ ለቀቀችላቸው። እሳቸው ስልኩን ከፍ አድርገው መስታወቱን ሊነኩ ሲደርሱ እሷ ወደ ዓባይነህ ጠረጴዛ መጣች። ጉንጯ ቀልቷል። «ተነሣ እስቲ አንተ ባለ ውሻው። የት ጋ እንደተሳሳተ ልየው። ነገ የሌላ ሰው ደብዳቤ ገበያ መሀል ቢያነብስ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ገጹን ከፈተች። ተላላኪው የታዘዘውን ሁሉ ቃል በቃል የሚያስቀምጥበት ገጽ ነው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን ምን እንዳለው።

ዓባይነህ ትናንት ተላላኪውን ያዘዘው ትዝ አለው።

«ተይው ሣራ። በኋላ።»

«ደቂቃ ነው እኮ።»

«በኋላ እናየዋለን። ባክሽ።»

«ምን ሆነሃል? ሌላም ደብዳቤ አለ እንዴ?» ብላ ሳቀችና ወደ ታች መውረድ ጀመረች። ሰኞ። ማክሰኞ። ረቡዕ ጠዋት።

እጁ ራሱ ሄዶ ማውሱ ላይ ባለው እጇ ላይ አረፈ፤ ሊያስቆማት ነበር። በዘጠኝ ወር ውስጥ እጇን ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሣራ ሌላ ነገር መሰላት። ወደ አባቷ ጀርባ ሰረቅ አድርጋ አየችና፣ ፈገግ አለች፤ እጇን ሳትስብ፣ የእሱንም እጅ ሳታስነሣ፣ በቀስታ አብራው ወደ ታች ወረደች። እጆቻቸው አንድ ላይ ተደራርበው ወደዚያች መስመር ሄዱ። ሊያነሣው ቢፈልግም አልቻለም። ሙቀቷ ይዞታል።

«እየጠራ ነው!» አሉ አቶ ጢሞቲዎስ ከመስኮቱ።

«አገኘሁት» አለች ሣራ። ለስላሳ ድምፅ አውጥታ እንደ ተላላኪው ማንበብ ጀመረች። «‹ለሣራ ጢሞቲዎስ ይህን ደብዳቤ…›»

ቆመች።

ዓይኗ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ሲመለስ አየው። ደግማ አነበበች። ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰች። ከዚያ ከንፈሯ ያለ ድምፅ አንዲት ቃል ብቻ አለ፤ እሑድ። ከቅዳሜ በኋላ ማለት ነው።

እጇን ከእጁ ሥር አወጣች። አልነጠቀችም፤ ሰው የተኛ ሕፃን ሥር እጁን እንደሚያወጣ ቀስ አድርጋ ነው። ዞራ አየችው። ዓባይነህ በዚያች ቅጽበት ስንት ነገር ሊል ፈለገ፤ ፈርቼ ነው፣ አሁን ግን ተናግሬያለሁ፣ አባትሽ ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ከዚያች ከአንዷ ቃል ጎን ሲያስቀምጠው የትኛውም የሚጻፍ አልሆነለትም።

«ሃሎ? አዎ፣ ጢሞቲዎስ ነኝ ከእንጅባራ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» አቶ ጢሞቲዎስ ወደ እነሱ ዞሩ፤ የስልኩን አፍ በመዳፋቸው ሸፈኑ። ፊታቸው ላይ ሰው መልካም ነገር ሊያደርግ ሲል የሚታይበት ብርሃን ነበረ። «ሣራ፣ ሰውዬው ራሱ ነው ያነሣው። እስከ መቼ አቆዩት ልበላቸው?»

ሣራ ተነሣች። ጃኬቷን ከመስቀያው አወረደች። በአባቷና በዓባይነህ መካከል አልፋ በሩን ከፍታ ወጣች።